ስጡን ዝናብ ሊመታው ነው

ሊድስ፣ እንግሊዝ
ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ለእትዬ ውባለም፤ አርብ ገበያ።

ክረምቱን አሻግሮ ለአዲሱ ዓመት ያበቃዎ አምላክ ይመስገን። እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎን ተሻለዎ? ላሚቱስ ወለደች? እኔ ከናፍቆትዎና ከዚህ አገር ብርድ በቀር የጎደለኝ የለም፤ ብርዱንም ቢሆን የጋይንት ልጅ ስለሆንኩ ከሌሎቹ እሻላለሁ።

እዚሁ እንግሊዝ ያለችው የእስቴዋ ጓደኛዬ ዘርትሁን እንደነገረችኝ፣ ሰው ስለ እኔ ሲጠይቅዎ «ሆቴል ነው የምትሠራው» ይላሉ አሉ። ሆቴል አይደለም እትዬ፤ መጠጥ ቤት ነው። እናቴ ስትሞት ጠላ ቤት አሳደጉኝ፤ ባሕር ተሻግሬም ጠላ ቤት ገባሁ። የተለወጠው ጣሳው ብቻ ነው፤ እዚህ በብርጭቆ ነው። ሰካራሙ ያው ነው፤ ከሦስተኛው በኋላ እዚህም ስለ አባቱ መሬት ያወራል።

ዛሬ የምጽፍልዎ ደስ ስላለኝ ነገር ነው። በመጠጥ ቤታችን የሴቶች መጸዳጃ በር ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች። ሴት ልጅ አብሯት የተቀመጠው ሰው ቢያስፈራት፣ አልለቅሽም ቢላት ወይም ቢከተላት፣ ወደ እኛ መጥታ «ማርታ ገብታለች?» ብላ ትጠይቃለች። ማርታ የምትባል ሠራተኛ የለችንም። ስሟ ሲጠራ ግን እኛ እናውቃለን። «አዎ፣ ከውስጥ ናት፤ ነይ» ብለን በወጥ ቤቱ በኩል እናስወጣታለን፤ ታክሲም እንጠራላታለን። ሰውየው ምንም አያውቅም፤ ጠብ የለ፣ ጩኸት የለ። ነገር በምሳሌ ጠጅ በብርሌ የሚሉት ይኸው አይደል?

ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ አንዲት ቀጭን ልጅ መጥታ ማርታን ጠየቀችኝ። ከንፈሯ ደርቋል። እጇን ይዤ በድንችና በሽንኩርት ጆንያ መካከል አሳልፌ በጓሮ በር አወጣኋትና ታክሲው እስኪመጣ አብሬያት ቆምኩ። ስትሄድ እጄን ጭብጥ አደረገችው። ሳምንቱን ሙሉ ደስ ሲለኝ ሰነበተ።

ለመሆኑ አሁን ማን ያግዝዎታል? ደብዳቤውንስ እስካሁን መምህር ዮሐንስ ነው የሚያነብልዎ?

ልጅዎ መዓዛ


አርብ ገበያ
ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመዓዛ፤ ባለሽበት አገር መድኃኔ ዓለም ጥላ ከለላ ይሁንሽ።

እኔ ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል እንጂ ሜዳውን ይሄዳል። ላሚቱ ወንድ ጥጃ ወለደች። ገብሱ ዘንድሮ እሰየው ነው፤ ስንዴውን ትንሽ ዋግ መታው። ይህን የምናገር እኔ ነኝ፤ የሚጽፈው እንደ ወትሮው መምህር ዮሐንስ ነው። ዓይኔ ሩቁን ያያል፣ ቅርቡን እንቢ ብሏል።

ደብዳቤሽ የደረሰ አርብ ነው። ገበያ ነውና ቤቱ ጢም ብሏል። መምህር ዮሐንስ መካከል ላይ ቆሞ እንደ ወንጌል ጮክ ብሎ አነበበው፤ ጣሳውን የሚያስቀምጥ ሰው እንኳ ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠ። የማርታ ነገር ሲደርስ ቤቱ ተንጫጫ። አንዱ «ይቺ ማርታ ባል አላት?» ይላል፤ ሌላው «እኔም ሚስቴ ስትቆጣ ማርታ ገብታለች ወይ እላለሁ» ይላል። ከዚያ ወዲህ ጠላ የሚጠይቀው ሁሉ «ማርታ ገብታለች?» ሆነ። ገበያዬን አደመቅሽልኝ፣ ተባረኪ።

ለእኔ ቤት ግን እንዲህ ያለው አያስፈልግም። እኔ ከመደቤ ላይ ሆኜ ቤቱን ሁሉ አያለሁ። በውባለም ቤት ማን ደፍሮ!

የምታግዘኝ ዮርዳኖስ ትባላለች። የስማዳ ልጅ ናት፣ ከወገዳ ወዲያ። ሃያ ዓመቷ ነው፤ እጇ ፈጣን፣ አፏ ቁጥብ። አንዳንዴ ጎንበስ ብላ ጣሳ ስታጥብ ሳያት አንቺን ትመስለኛለች።

የቆዳ ነጋዴው አንዳርጌም ሰላም ብሎሻል። አርብ አርብ አይቀርም፤ ዛሬም የሚቀመጥ ያው ጓዳው በር አጠገብ ነው። «ያቺ የጥር ዝናብ እንዴት ናት?» ይለኛል፤ እንስቃለን። ትዝ ይልሻል? ጥር ላይ፣ ሰማዩ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ ሳለ፣ ከጓዳ «እትዬ፣ ስጡን ዝናብ ሊመታው ነው!» ብለሽ የጮህሽው? «በጥር ምን ዝናብ አለ፣ ይልቅ ቶሎ ቅጂ» ብልሽ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያን ዕለት ነው ደግሞ ትልቁን ጋን የሰበርሽብኝ። እስካሁን እንግዳ ሲመጣ ይችን ነው የማጫውተው።

ገንዘብ አትላኪ፤ ከላክሽም የምትሠሪበትን ቤት ፎቶ ላኪልኝ። ጋናችሁ የት እንደሚቀመጥ ልየው።

አክስትሽ ውባለም

የጸሐፊው ማስታወሻ፦ «እንደ ወንጌል» ያሉት እትዬ ናቸው፤ እኔ በልክ ነው ያነበብሁት። ዮሐንስ።


ሊድስ
ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአክስቴ ለእትዬ ውባለም፤ ለመጪው ልደትና ለጥምቀቱ በጤና ያድርስዎ።

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ከረመ። ሥራ በዛብኝና ሳልመልስ ቆየሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጥጃው እንኳን ተወለደ። ስንዴውም ዋግ ቢመታው ገብሱ ይክሳል። ፎቶውን ልኬያለሁ፤ ጋን የሚሉት በርሜል ከመሬት በታች ነው፣ መጠጡ በቧንቧ ይወጣል።

ዘርትሁን ለጥምቀት መካነ ኢየሱስ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች። በእሷ እጅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር መነጽር ልኬልዎታለሁ። ዓይንዎን ያላስመረመርኩ ስለሆነ ሦስት ዓይነት አድርጌዋለሁ፤ ፊደሉ ወፈር ብሎ የሚታይዎትን ያስቀሩ፣ የቀረውን ለጎረቤት ይስጡ። መሠረተ ትምህርት ጊዜ ከአገሩ ሴት ሁሉ ቀድመው ያነበቡ እርስዎ እንደነበሩ እናቴ ትነግረኝ ነበር። መምህር ዮሐንስን አመሰግናለሁ፤ ድምፁም መልካም ነው። ነገር ግን ከእንግዲህ የምጽፈውን እርስዎ ብቻዎን እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። ዮርዳኖስ ልትቀዳ ጓዳ ስትገባ በሩ ክፍት ነው ወይ? ጋኑን ወደ ፊት ቤት ቢያወጡትስ ምን ይመስልዎታል?

ደግሞ የማርታን ነገር አይናቁት። ስሙን ቀይረው፣ ለወንዶቹ ሳይነግሩ፣ ለዮርዳኖስ ብቻ ይንገሯት። እባክዎ።

መዓዛ


አርብ ገበያ
ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለመዓዛዬ። የሰጠሽኝን ብርሃን ላንቺም አይንሳሽ።

ይህን የጻፍሁ በገዛ እጄ ነው። ፊደሌ እንደ ፍየል መንጋ ቢበታተንብሽ ታገሽኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሳልጽፍ ቆይቻለሁ። መካከለኛው መነጽር ልክ ሆነልኝ። መጀመሪያ ያየሁት የገዛ ጣቴን ነው፤ እንዲህ መሸብሸቡን አላውቅም ነበር። ቀጥሎ ምስር ለቀምሁ፤ ለካ እስከ ዛሬ ጠጠር ነበር የማበላው! ትልቁን ለጎረቤቴ ለማሚቴ ሰጠኋት፤ አረቄዋን ስትሸጥ አድርጋው ትውላለች፣ ሲያዩዋት የቀበሌ ሊቀ መንበር ትመስላለች።

እንግዲህ ምክርሽን ሰምቼ የሆንሁትን ስሚ። ማርታን ወንዱ ሁሉ ስላወቃት «ሰርኬ» የሚል ስም አወጣሁ። ለዮርዳኖስና ለማሚቴ ብቻ ነገርሁ። «ሴት ልጅ ሲጨንቃት ‹እትዬ ሰርኬ ገብተዋል?› ትበል፣ እኔ እነሣለሁ» አልሁ። ማሚቴ መቼም ምስጢር ሆዷን ይቆርጣታል፤ እስኪ ልሞክረው ብላ በአርብ ገበያ መካከል ከበር ሆና «እትዬ ሰርኬ ገብተዋል?» አለች።

ይህን ጊዜ አንድ የእስቴ ሽማግሌ ጣሳቸውን አኖሩና «የትኛዋ ሰርኬ? የአማረ ልጅ?» አሉ። ሌላው «እሷማ አርፋለች» አለ። «መቼ?» «ኧረ ባለፈው ክረምት!» «ውይ፣ ነፍስ ይማር!» ብለው ሽማግሌው ተነሡ፣ አብረዋቸው የመጡትም ተነሡ፣ ባርኔጣ ወለቀ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ታለቅስ ጀመር። እኔ ምን ልበል? አልሞተችም ብል ሰርኬ ማን ናት ልባል ነው፤ ሞታለች ብል ሰው መግደል ነው። ከሰዓት በኋላ ለቅሶው የት እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው በዛ። በሳምንቱ የዕድሩ ጸሐፊ ቀለመ ወርቅ መጥቶ «ከርስዎ ዘንድ ሰርኬ የሚባሉ እንግዳ ተቀምጠዋል አሉ፤ በመዝገብ ላስገባቸው?» አለኝ፤ ሌላ ቢጠፋኝ «አስገባ» አልሁት። ልጄ፣ የእናንተ አገር የሌለ ሰው መጥራት ይቻል ይሆናል። እዚህ ግን ባለቤት የሌለው ስም የለም።

ስለዚህ ነገሩን ተውሁት። ጋኑንም ከጓዳ አላወጣሁትም፤ ጠላ ፀሐይ ካየ ይሆመጥጣል፣ ይህን አንቺም ታውቂያለሽ። በሩ ክፍት ነው ወይ ያልሽውን ግን ወደ ጓዳው ሄጄ አየሁት። ሳንቃው ራሱን በራሱ ይዘጋል። ከስንት ዘመን ጀምሮ እንደሆነ እንጃ።

አንድ ነገር አሳስቦኛል። ዮርዳኖስ ወገዳ ልመለስ ትላለች። ምን በደልሁሽ ብላት «ምንም» ትላለች፤ መሬት መሬት ታያለች። ደመወዟን ልጨምርልሽ ብላትም «እሱ አይደለም» አለችኝ።

ደግሞም ያለፈውን ደብዳቤሽን አራት ጊዜ አነበብሁት። በመነጽር ሲያነቡ ያልተጻፈውም ይታያል ለካ። ስለ ጥጃው መለስሽ፣ ስለ ስንዴው መለስሽ፣ አንዳርጌ ለላከው ሰላምታ ግን አንዲት ቃል የለሽም። ከጥንትም ቁጡ አልነበርሽም። ምን ሆንሽ ልጄ?

አክስትሽ ውባለም


ሊድስ
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ውባለም። ይህን ደብዳቤ እንደ መጀመሪያው በመምህር ዮሐንስ ስልክ በፎቶ አልላክሁትም፤ አሽጌ በአደራ ደብዳቤ ደብረ ታቦር ፖስታ ቤት ድረስ ልኬዋለሁ። እባክዎ ብቻዎን ሆነው ያንብቡት።

ሰርኬን ሳነብ በሳቅ ሞትኩ፤ ለዘርትሁንም በስልክ አነበብኩላት፣ እሷም ስቃ አላባራችም። ከዚያ ስለ ዮርዳኖስ ያሉት ላይ ደረስኩና ሳቄ ቆመ። ወረቀቱን አጥፌ ሥራ ሄድኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ምን ብዬ እንደምጽፍ ሳስብ ቆየሁ። እንዲያው ልንገርዎ።

ያን ዓመት፣ በጥር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንዳርጌ «ከአዲሱ ጋን ቅጂልኝ» አለኝ። ጓዳ ገብቼ ጎንበስ ስል ተከትሎኝ ገባ፤ ሳንቃውን በእግሩ ገፋው። እጄን ያዘኝ። ልቀቀኝ አልኩት፣ አልለቀቀኝም። አፌን ሊይዘኝ ሲል ጮህኩ።

«ድረሱልኝ» ማለት አልቻልኩም። ድረሱልኝ ብል ቤት ሙሉ ሰው ይሰማል፤ «ከአንዳርጌ ጋር ጓዳ ውስጥ ምን ትሠራ ነበር?» ይባላል፤ ወሬው ወገዳና መካነ ኢየሱስ ሳይቀር ይደርሳል፣ ስሜ አይተርፍም። እኔ የማውቀው ሰው ሁሉ ሳይጠይቅ የሚነሣበት አንድ ቃል ብቻ ነበር። በክረምት «ስጡን ዝናብ ሊመታው ነው!» ሲባል እርስዎም ይሮጣሉ፣ ማሚቴም ትሮጣለች፣ የተኳረፈ ጎረቤት እንኳ ኩርፊያውን ትቶ ሰሌኑን በአንድ በኩል ይይዛል። ስለዚህ እሱን ጮህኩ። ጥር መሆኑን ረሳሁት።

እርስዎ «በጥር ምን ዝናብ አለ» አሉ። ቤቱ ሳቀ። እሱም እጄን እንደያዘ ሳቀ። እትዬ፣ እስከ ዛሬ የማልረሳው የእሱን ሳቅ አይደለም፤ የእርስዎን ነው።

ሌላ የሚደርስልኝ ሲጠፋ ጋኑን በእግሬ ገፋሁት። ሲሰበር ጊዜ መጡ። እሱ ሱሪውን እያራገፈ «ደንብራ ሰበረችው» አለ። እርስዎ ጋኑን አዩ፤ እኔን አላዩኝም። ያሰበው አልሆነለትም፣ ጋኑ ይመስገን። በሦስተኛው ሳምንት ደብረ ታቦር ሥራ አገኘሁ ብዬ የሄድኩት ለዚህ ነው።

አሁን ደግሞ ያልነገርኩዎትን ሌላ ነገር ልንገርዎ። እዚህ ሥራ እንደጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ሴት መጥታ «ማርታ ገብታለች?» አለችኝ። ወረቀቱን ገና አላነበብኩትም ነበር። «ማርታ የምትባል የለችም» አልኳትና ብርጭቆ ማጠቤን ቀጠልኩ። ፊቷ ሲጠፋ አየሁት፣ ግን አልገባኝም። የሥራ ባልደረባዬ ሰምታ ባትሮጥ ኖሮ እንጃ። ነገሩን ስታስረዳኝ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ቀን እርስዎን ይቅር አልኩዎ። ያልሰማ ሰው ሁሉ ክፉ አይደለም፤ ቃሉን ማንም ያልነገረው ነው።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ዮርዳኖስን ብቻዋን ያናግሯት። የእሱን ሰላምታም ከእንግዲህ አይላኩልኝ።

የምትወድዎ ልጅዎ መዓዛ


አርብ ገበያ
ሚያዝያ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለመዓዛ። በትንሣኤው ሐዘንን የሻረ ጌታ ያንቺንም ይሻረው።

ሁለት ወር ዝም አልሁሽ። ደብዳቤሽን ደብረ ታቦር ድረስ ሄጄ በራሴ ፈርሜ ተቀበልሁ። መኪናው ውስጥ ልከፍተው ብዬ ፈራሁ፤ ቤቴ ደርሼ፣ ጓዳ ገብቼ፣ ያ ሳንቃ ከኋላዬ ሲዘጋ አነበብሁት። ከዚያ መልስ ስጽፍና ስቀድ ከረምሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንግዳ የማስቅበት ጨዋታዬ የልጄ ጩኸት ኖሯል። በስንት ሰው ፊት ሳቅሁበት መሰለሽ! ከእሱ ጋር እንኳ ሳቅሁበት። ይቅር ብዬሻለሁ ማለትሽን ደጋግሜ አነበብሁት፤ ለእኔ ግን ገና አልዋጥልኝ ብሏል፤ ቀስ እያልሁ እውጠዋለሁ።

በማግስቱ ሳንቃውን አስነቀልሁት። አናጢው «እትዬ፣ ጓዳ ያለ በር?» ቢለኝ «አዎ፣ ጠላው አየር ይፈልጋል» አልሁት።

ዮርዳኖስን ወደ ወንዝ ይዣት ወረድሁ፤ ልብስ እናጥባለን ብዬ። «አንዳርጌ ነው?» አልኋት። ልብሱን ለቀቀችው፣ ውኃው ሊወስደው። ካንቺ የተለየ ነገር አልነገረችኝም። ጓዳ፣ እጅ፣ ሳቅ። ሁለት ጊዜ አምልጣዋለች። ሦስተኛውን ፈርታ ነው ወገዳን የናፈቀች። እኔም ያንቺን ነገርኋትና ሁለታችንም አለቀስን፤ ልብሱም ሳይታጠብ ተመለስን።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ ማርታ ስል፣ ሰርኬ ስል፣ የባዕድ አገር ቃል ስፈልግ ከረምሁ፤ ቃሉን አንቺ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት ሰጥተሽኝ ነበር። የሰው ስም አይደል፣ ባለቤት አይፈለግለት። ወንድ ቢሰማው የሴት ሥራ ነው ብሎ ያልፈዋል። ለማሚቴ ነገርሁ፣ ለጠላ ጠማቂዎቹ ሁሉ ነገርሁ፣ ለሽንኩርት ሻጮቹም ነገርሁ። ማሚቴን በቅዱስ ሚካኤል አስምያታለሁ።

ከሆሣዕና በፊት ባለው አርብ ገበያው ሙሉ ነበር። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ አሞራ እንኳ የሌለበት። አንዳርጌ ከወትሮው ቦታ ተቀመጠ። ሳንቃው መነቀሉን አይቶ «ውባለም፣ ደኸየሽ እንዴ?» ብሎ ቀለደ። ሁለት ጣሳ ጠጣና ዮርዳኖስን «ከአዲሱ ጋን ቅጂልኝ» አላት። ጆሮዬ ቆመ። ልጅቱ ገባች፤ እሱም ጣሳውን እንደያዘ ተነሥቶ ተከተላት፣ በሌለ በር።

ዮርዳኖስ አልጮኸችም። እንደ ተራ ነገር፣ ድምፅዋን ከፍ ብቻ አድርጋ፣ «እትዬ፣ ስጡን ዝናብ ሊመታው ነው» አለች።

ወንዶቹ በሙሉ ቀና ብለው በበሩ በኩል ሰማይ አዩ። መምህር ዮሐንስ ወጥቶ ዙሪያውን ቃኝቶ ሲያበቃ «የደመና ዘር የለም!» ብሎ ተመለሰ። እኔ ግን ተነሣሁ። ጉልበቴ መቼ እንደተነሣ አላውቅም። ማሚቴ አረቄዋን ትታ ገባች፣ ያቺ ለሰርኬ ያለቀሰችው ሽንኩርት ሻጭ ከነሚዛኗ ገባች፣ ከኋላዋ ሌሎችም። ጓዳው ሞላ። አንዳርጌ የልጅቱን እጅ ለቀቀና ሳቀ፤ «ደግሞ ሌላ የጥር ዝናብ መጣች?» አለ።

«የመጀመሪያዪቱም እውነቷን ነበር» አልሁት። ጣሳውን ከእጁ ወሰድሁ። ወደ ፊት ቤት አውጥቼ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ መሬት ላይ ደፋሁት። ጣሳዬ የተደፋበት ሰው በቤቴ እንደማይቀዳለት አገር ያውቃል፤ በዕድሜዬ ይህን ያደረግሁ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። «ለምን?» ቢለኝ ለምን እንደሆነ ነገርሁት፤ ያንቺን ስም ሳልጠራ፣ የእሱን እየጠራሁ። ሽማግሌው የእስቴ ሰው «ውጣ» አሉት። ወጣ። ማሚቴም አረቄ አትሸጥለትም፣ ከዚያ ወዲያ ያሉትም ቤቶች አይቀዱለትም። አሁን አርብ አርብ ቆዳውን ይሸጥና ከንፈሩን እያላሰ ይሄዳል። ዮርዳኖስ «ክስ ልመሥርት» ስላለች አብሬያት ሄጄ ምስክርነቴን ሰጥቻለሁ፤ ነገሩ ተይዟል። ወገዳ መሄዱንም ትታዋለች፤ የሄደች ለፋሲካ ብቻ ነው፣ ዶሮ ይዛ ሄዳ እናቷን ጠይቃ ተመለሰች። አሁን አፏ ቁጥብ ነው ያልሁሽን ሰርዥው፤ ታወራለች፣ ትዘፍናለች፣ መምህር ዮሐንስን ሳይቀር ትቀልድበታለች።

ቃሉ ደግሞ ከእኔ ቤት ወጥቷል። ባለፈው ሳምንት የወገዳ ነጋዴ ሴቶች በእነሱ ገበያ ተብሎ መሰማቱን ነገሩኝ፤ በመካነ ኢየሱስም ዘርትሁን ለእናቷ ጽፋላት አንድ ጠጅ ቤት ገብቷል አሉ። ወንዶቹ እስካሁን አልገባቸውም። ሴት ልጅ ስለ ስጥ ስታነሣ እነሱ ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ እኛ እሷን እናያለን። ሰርኬም ከዕድሩ መዝገብ አልወጣችም፤ ቀለመ ወርቅ «መቼ ነው የማገኛቸው?» ሲለኝ «ቤት ጠባቂ ናቸው» እለዋለሁ።

ከእንግዲህ መነጽርም ፎቶም አልለምንሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ በጥር ነይ። ለጥምቀት። አዲስ ጋን ገዝቻለሁ፣ ትልቅ ነው፣ ብትፈልጊ እሱንም ስበሪው።

ልጄ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ዘገየሁ እንጂ ሰምቼሻለሁ። ተነሥቻለሁም። ስጥሽን አስገብቻለሁ።

አክስትሽ ውባለም